ለአቴ አዶቦ ልሠራላት፣ ከዚያ ቲያትር ልወስዳት ነው፤ ምከሩኝ

ሰናፍጭ

ሰላም ለሁላችሁ። ለንደን ነው የምኖረው። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። ጥያቄዬ ድብልቅልቅ ያለ ነው። ግማሹ የጓዳ፣ ግማሹ የቲያትር። ትንሽ ታገሡኝ።

አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ነርስ አለች። ሃምሳን አልፋለች። ታናናሾቿ ፊሊፒኖዎች «አቴ» ይሏታል፤ ታላቅ እህት ማለት ነው። መጀመሪያ ስሰማው «እቴ» የሚሏት መስሎኝ አማርኛ የት ተማሩ ብዬ ነበር። አሁን እኔም አቴ ነው የምላት።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን እኩለ ሌሊት ላይ ዳቦና ሻይ ይዤ ጥግ እቀመጥ ነበር። አቴ የምግብ ዕቃዋን ስትከፍት ሁልጊዜ «ካይን ታዮ» ትላለች። ምን ማለት ነው አልኳት። «እንብላ» ማለት ነው። እኔም በአገሬ ወግ «ብዪ፣ ጠግቤያለሁ» አልኳት። እሷ ግን ጨርሶ አልሰማችኝም። ከሳምንት በኋላ ሁለት ዕቃ ይዛ መምጣት ጀመረች። የአሳማ ሥጋ እንደማልበላ የነገርኳት አንዴ ብቻ ነው። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ፣ አንድም ቀን አልረሳችውም።

ባለፈው ብርድ ጊዜ ጉንፋን አልጋ ላይ ሲጥለኝ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ቤቴ መጣች። አሮዝ ካልዶ የሚሉትን ይዛ ነው የመጣችው፤ ሩዝ እንደ አጥሚት እስኪላላ ድረስ ከዶሮና ከብዙ ዝንጅብል ጋር የሚቀቀል ነው። በሽተኛ ይሄን ነው የሚበላው አለችኝ። ሁለት ሳህን በላሁ። ላብ በላብ ሆኜ ተኛሁ።

እና ውለታ መመለስ ፈለግኩ። አቴ ሌሊት መድኃኒት ስታዞር ታንጎራጉራለች። ሁልጊዜ ሌ ሚዜራብል የሚባለውን የዘፈን ቲያትር ዘፈኖች ነው። አይተሽዋል ወይ ብላት፣ ለንደን ከመጣች ጀምሮ ቲያትር ቤት ገብታ አታውቅም። ገንዘቡ ወደ አገር ቤት ነው የሚሄደው፤ ይሄን ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ስለዚህ ሁለት ቲኬት ገዛሁ። ሻፍትስበሪ አቬኑ ያለው ሶንድሃይም ቲያትር፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ፣ በፈረንጅ ሰዓት 2፡30። ሁለቱ 80 ፓውንድ።

ሐሳቤ መጀመሪያ ቤቴ ምሳ ልጋብዛት፣ ከዚያ አብረን እንድንሄድ ነው። ምሳው ደግሞ አዶቦ (በአቼቶና በነጭ ሽንኩርት የሚበስል ሥጋ) እንዲሆን ፈለግኩ፤ ፊሊፒኖዎች የሚወዱት እሱን ነው ሲሉ ስለሰማሁ።

ትናንት ሞከርኩት። ጉድ ሆንኩ! ቪዲዮ እያየሁ ነው የሠራሁት። መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርቱ አረረና የጭስ ደወሉ ጮኸ፤ አብራን የምትኖረው ልጅ በፎጣ እያራገበች ዝም አሰኘችው። ከዚያ አቼቶውን ጨመርኩ፣ አማሰልኩ፣ አማሰልኩ። ሲበስል መልኩ እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ጎምዛዛነቱ ጉሮሮ ይቧጥጣል። የተጠቀምኩት አቼቶ ቤት ውስጥ የነበረውን ቡናማውን ነው። ሶይ ሶሱ ደግሞ ወፈር ያለ ጥቁር ነው።

ምኑ ላይ ነው የተበላሸው? ቲያትሩስ? እኔም ገብቼ አላውቅም። ምን ይለበሳል? በዘፈን የሚነገር እንግሊዝኛ ይገባኛል ወይስ ሦስት ሰዓት ሙሉ አፌን ከፍቼ ነው የምወጣው?

የድሮ ዱባይ

እህቴ፣ በሳቅ ገደልሽኝ! የጭስ ደወሉ ላይ ደርሼ ሻዬን ደፋሁት።

ዱባይ አንድ ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ከአንዲት ፊሊፒናዊት ጋር ሠርቻለሁ። አንድ ክፍል፣ ተደራራቢ አልጋ፣ እሷ ከላይ እኔ ከታች። ማዳም ስትተኛ ለራሳችን የምናበስለው እሷ አንድ ቀን፣ እኔ አንድ ቀን ነበር። ስለዚህ የምነግርሽ ከቪዲዮ ያየሁትን አይደለም።

መጀመሪያ ያን ቡናማ አቼቶ አርቂው። እሱ ከገብስ የሚሠራ ነው፤ እንግሊዞች ድንች ጥብስ ላይ የሚያንጠባጥቡት። ፊሊፒኖዎች የሸንኮራ አገዳ ወይም የኮኮናት አቼቶ ነው ያላቸው። ዳቱ ፑቲ የሚል ነጭ ጠርሙስ ፈልጊ። ካጣሽ የፖም አቼቶ ይሠራል። ሶይ ሶሱም ቀጭኑን፣ ፈሰስ የሚለውን ግዢ። ወፍራሙ ለቀለም ነው፤ እሱ ነው ሬንጅ ያደረገብሽ።

አሁን ዋናውን ስሚ። አቼቶ ከጨመርሽ በኋላ አይማሰልም። አይነካም። ክዳንም አይደረግበትም። ጓደኛዬ ማንኪያ ይዤ ስጠጋ እጄን በፎጣ ትመታኝ ነበር። ፈልቶ ጥቂት ደቂቃ እስኪንተከተክና ያ አፍንጫ የሚወጋው ሽታ እስኪወጣለት ተይው። ካማሰልሽው ጥሬ ጥሬ ይላል ይላሉ። እኔ ምክንያቱን አልመራመርም፤ አማስዬም ሳላማስልም ሠርቼ ልዩነቱን ቀምሼዋለሁ።

አንድ ኪሎ የዶሮ ታፋ ከነአጥንቱ። ደረት አይሆንም፣ ይደርቅብሻል። አንድ ሙሉ ራስ ነጭ ሽንኩርት ደቀቅ አድርገሽ። ግማሽ ኩባያ አቼቶ፣ ከግማሽ ትንሽ ያነሰ ሶይ ሶስ፣ አንድ ኩባያ ውኃ። ያልተፈጨ ቁንዶ በርበሬ አንድ የሻይ ማንኪያ። ቤይ ሊፍ የሚባለው ደረቅ ቅጠል ሦስት። ነጭ ሽንኩርቱን ወርቃማ እስኪሆን ብቻ፣ ዶሮውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገሽ፣ ከዚያ ፈሳሹን። ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሰሽ አርባ ደቂቃ ያህል። ጨው መጨረሻ ላይ ቀምሰሽ ነው፤ ሶይ ሶሱ ራሱ ጨው ነው።

ቀይ ሽንኩርት ማቁላላት እንዳትጀምሪ። አውቅሻለሁ፣ እጅሽ በራሱ ይሄዳል። የእኔም ይሄድ ነበር።

ከቻልሽ ዓርብ ማታ ሥሪውና ቅዳሜ አሙቂው። አድሮ ነው የሚጣፍጠው። እንዲያውም አቼቶ የሚገባበት እንዳይበላሽ ነው ትለኝ ነበር፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ዘመን የመጣ ነው።

ሩዙን ውኃው እስኪጠራ እጠቢ። የውኃውን ልክ በጣት ነው የሚያውቁት። የጣትሽን ጫፍ ሩዙ ላይ ታቆሚዋለሽ፣ ውኃው የመጀመሪያው አንጓ ላይ ሲደርስ በቃ። ሹካና ማንኪያ አቅርቢላት እንጂ ቢላዋ አያስፈልጋትም። ማንኪያው በቀኝ እጅ ነው፤ ሹካው መግፊያ ነው።

ሌላ ደግሞ፣ ትንሽ ሳህን ላይ የዓሣ ሶስ (ፓቲስ ይሉታል) ከተከተፈ ቃሪያና ከሎሚ ጋር አስቀምጪ። ሳውሳዋን ይሉታል። ማንም በየአፉ ልክ ያስተካክላል። ስትጨምር ካየሽ ቅር እንዳይልሽ፤ ጨው አነሰው ማለቷ አይደለም፣ ወጉ ነው። ፓቲስ ሲሸት ደግሞ አትደንግጪ። ጠርሙሱን ስትከፍቺው ነው እንጂ ምግብ ላይ ሲገባ ሌላ ነው።

አቦል ብቻ

እኔ የሚገርመኝ ለምን በማታውቂው ሜዳ እንደምትጫወቺ ነው። ዶሮ ወጥ ሥሪላት! የሰው እናት ጓዳ ገብቶ መወዳደር ምን ይሉታል? ጥሩ ብትሠሪው «እንደ እናቴ አይደለም»፣ መጥፎ ብትሠሪው ደግሞ ዝም ብላ ትውጠዋለች። የምታሸንፊበት መንገድ የለም።

ሰናፍጭ

ዶሮ ወጥ አብልቻታለሁ ወንድሜ፣ ሁለት ፋሲካ። ሦስት ዓመት የእጇን የበላሁት እኔ ነኝ። እሷ ግን ለንደን ውስጥ ሌላ ሰው የአገሯን ምግብ ሠርቶ አቅርቦላት አያውቅም። ሁልጊዜ የምታበስለው እሷ ናት። እንዲያውም ለዚህ ነው።

የድሮ ዱባይ፣ እግዜር ይስጥሽ። ቀይ ሽንኩርቱን ከየት አወቅሽ? አዎ፣ ሁለት ራስ አቁላልቼ ነበር። 😄

ላይኛው ፎቅ

የቲያትሩን ለእኔ ተዉልኝ። ዌስት ኤንድ፣ የለንደን የቲያትር ሰፈር፣ አንድ ቲያትር ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት ቲኬት እያየሁ ሰው አስቀምጫለሁ። የት እንደሆነ አልናገርም።

ልብስ፦ የፈለግሽውን። ስኒከር አድርገውም ይገባሉ፣ ከራስ እስከ እግር ለብሰውም ይመጣሉ። የቅዳሜ ቀን ትርዒት ደግሞ ዘና ያለ ነው። ካፖርትሽ ግን ትልቅ ከሆነ መከራሽን ታያለሽ፤ ወንበሮቹ ጠባብ ናቸው፣ እጥፍ አድርገሽ ጭንሽ ላይ ነው።

ሰዓት፦ ከእረፍቱ ጋር ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ቦርሳ ይፈተሻል። ካረፈዳችሁ ተስማሚ ክፍተት እስኪገኝ በር ላይ ነው የምትቆሙት፤ እኔ ራሴ ስንቱን አቁሜያለሁ፣ ስንቱ ረግሞኛል። እረፍት ሲሆን የሴቶች መጸዳጃ ሰልፍ ደረጃውን ይሞላዋል። መጋረጃው እንደወረደ ሩጪ። ጭብጨባውን ሌላው ያጨብጭብ።

የእንግሊዝኛው ነገር። በዚህ አልዋሽሽም። ሌ ሚዜራብል ከዳር እስከ ዳር የሚዘፈን ነው። በመሃል ቆም ብሎ የሚያወራ ሰው የለም ማለት ይቻላል። አሥር ሰው በአንድ ጊዜ የተለያየ ግጥም የሚዘፍንበት ቦታ አለ፤ እዚያ ጋ እንግሊዞቹም አይሰሙትም። ስለዚህ ታሪኩን ቀድመሽ አንብቢ። አጭሩን ልንገርሽ። ዣን ቫልዣን ዳቦ ሰርቆ ታሠረ፤ ለማምለጥ እየሞከረ እየተጨመረበት 19 ዓመት ቆየ። የሚጀምረው በፈረንጅ 1815 ከእስር ሲፈታ ነው። ጃቬር የሚባል ፖሊስ ዕድሜ ልኩን ያሳድደዋል። ፋንቲን ልጇን ለማሳደግ ፀጉሯንም ራሷንም የምትሸጥ እናት ናት። ኤፖኒን ደግሞ የማይወዳትን ልጅ ትወዳለች። መጨረሻው በ1832 የፓሪስ ተማሪዎች መንገድ ዘግተው የተዋጉበት ጊዜ ነው። ብዙ ሰው 1789 የነበረው ትልቁ አብዮት ይመስለዋል። እሱ አይደለም፤ ይሄ ትንሽ አመፅ ነው፣ በሁለት ቀን ያለቀ። ይሄን ካወቅሽ ልጆቹ ለምን ያን ያህል ብቻቸውን እንደቀሩ ይገባሻል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ስለ አቴ ስለምትዪ። እሷ ዕድሜ ላይ ያለ ፊሊፒናዊ ሁሉ ይሄን ነገር የሚወደው በከንቱ አይደለም። ሌ ሚዜራብልን የሠሩት ሰዎች ቀጥለው ሚስ ሳይጎን የሚባለውን የዘፈን ቲያትር ሲሠሩ ዋና ተዋናይ ፍለጋ ማኒላ ድረስ ሄዱ። ሊያ ሳሎንጋን አገኙ። ትርዒቱ በፈረንጅ መስከረም 1989 እዚሁ ለንደን፣ ድሩሪ ሌን ባለው ቲያትር ሮያል ሲከፈት ልጅቷ 18 ዓመቷ ነበር። በዓመቱ የኦሊቪዬን የቲያትር ሽልማት ወሰደች፣ በ1991 ደግሞ ኒው ዮርክ ላይ የቶኒን። ከዚያ በ1993 እዚያው ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ላይ ኤፖኒንን ሆነች፣ በ2007 ተመልሳ ፋንቲንን። ከእሷ በኋላ የመጣችው ፊሊፒናዊት ሬቸል አን ጎ ደግሞ እዚሁ ለንደን ፋንቲንን ሠርታለች። ለእነሱ ይሄ የፈረንጅ ቲያትር ብቻ አይደለም።

እና አደራ፣ አብራ እንዳትዘፍን ንገሪያት። በጣም የሚያጣላው እሱ ነው።

ማሽን ክፍል

ዘግይቼ ነው ያየሁት፣ ባሕር ላይ ነበርኩ። የመርከብ መሐንዲስ ነኝ፤ ባሕር ዳር ተምሬ ከወጣሁ ጀምሮ ከፊሊፒኖ ውጪ ሌላ ባልደረባ ያለኝ አይመስለኝም። ምግብ አብሳዩም ፊሊፒኖ፣ ቀለም ቀቢውም ፊሊፒኖ፣ ቅዳሜ ማታ ማይክ ይዞ የሚያስለቅሰንም ፊሊፒኖ።

የድሮ ዱባይ የሰጠችሽ አሠራር ትክክል ነው፣ ምንም አልልም። ግን ዋናውን ጥያቄ ማንም አልጠየቀሽም። አቴ የየት አገር ልጅ ናት? ፊሊፒንስ ማለትሽ በቂ አይደለም። ከሰባት ሺህ በላይ ደሴት ነው።

መርከባችን ላይ በአዶቦ የተነሳ ሁለት ሰዎች ሳምንት ሙሉ ተኮራርፈው ያውቃሉ። አብሳያችን የቢኮል ልጅ ነበር፤ አዶቦው ላይ የኮኮናት ወተትና ቃሪያ ይጨምራል። ሁለተኛው መካኒክ ደግሞ ሶይ ሶስ ያላየውን አዶቦ አዶቦ አይለውም። ሦስተኛው ሽማግሌ ሁለቱንም እየናቀ «ድሮ ሶይ ሶስ የት ነበር? ቻይኖች ናቸው ያመጡልን፤ አቼቶና ጨው ነው» ይላል። ነጩ አዶቦ ይሉታል ያለ ሶይ ሶስ የሚሠራውን። ስሙ ራሱ የስፓኝ ነው፤ አሠራሩ ግን ስፓኞች ሲደርሱ እዚያው ነበር ብሎ ሽማግሌው ጠረጴዛ ይመታል።

እና እህቴ፣ ጠይቂያት። በዘዴ። «እናትሽ ምን ምን ትጨምር ነበር?» በያት። ሌላው ከዚያ ይመጣል።

የድሮ ዱባይ

ማሽን ክፍል እውነቱን ነው፣ ይሄ እንዴት አመለጠኝ! የእኔዋ ጓደኛ የማኒላ ልጅ ነበረች። እኔ እኮ አንድ ዓይነት ብቻ ነው ያየሁት። ፊሊፒኖ ሁሉ እንደዚያ የሚሠራ መስሎኝ ስድስት ዓመት ኖርኩ።

ሰናፍጭ

ጠየቅኳት! ትናንት ሌሊት፣ አልጋ እያነጠፍን። ባታንጋስ ናት፣ ከማኒላ ወደ ደቡብ። እናትሽ አዶቦ እንዴት ነበር የምትሠራው ስላት አንሶላውን ይዛ ቆመች። «የእናቴ ቢጫ ነበር» አለች። ሶይ ሶስ የለውም። ዲላው ይሉታል። ቢጫ የሚያደርገውን ነገር በእንግሊዝኛ ስሙን አላስታወሰችውም፤ ስልኳ ላይ ፈልጋ ፎቶ አሳየችኝ።

እርድ ነው! የእኛው እርድ። እናቴ የላከችልኝ ግማሽ ኪሎ ጓዳዬ ውስጥ ተቀምጦ እኔ ቻይና ሰፈር ሶይ ሶስ ፍለጋ እዞራለሁ። 🤦🏾‍♀️

አቦል ብቻ

በቃ አሁን ይሄ አልጫ ነው። ሜዳሽ ላይ ተመልሰሻል። ድጋፌን ሰጥቻለሁ።

ማሽን ክፍል

አልጫ እንዳትሉት፣ አቼቶውን አትርሱ። ለአንድ ኪሎ ዶሮ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ይበቃል። እነሱ እርጥቡን ሥር ቀጥቅጠው ነው የሚጨምሩት፤ ዱቄቱም ይሆናል፣ ግን ዘይቱ ላይ ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር ትንሽ ይጠበስ፣ አለዚያ አፈር አፈር ይላል። በሶይ ሶሱ ፈንታ ፓቲስ ወይም ጨው። ሌላው ያው ነው። አታማስዪ!

ሰናፍጭ

ተመለስኩ። ቅዳሜ አለፈ። በዝርዝር ልንገራችሁ፣ ባለ ዕዳ ነኝ።

አቼቶውንና ፓቲሱን ኧርልስ ኮርት ሄጄ ገዛሁ፤ እዚያ የፊሊፒኖ ሱቆች አሉ። ባለ ሱቋ ለማን ነው አለችኝ፣ ለባታንጋስ ልጅ ስላት አንድ ከረጢት ትንንሽ ቃሪያ በነፃ ጨመረችልኝ። ዓርብ ማታ ሠራሁ። አቼቶውን ከጨመርኩ በኋላ እጄን ከኋላዬ አስሬ ነው የቆምኩት፣ እንደ ተማሪ። የጭስ ደወሉ ዝም አለ። አብራን የምትኖረው ልጅ ግን ፓቲሱን ስከፍት በሯን ዘጋች።

አቴ በፈረንጅ 11፡30 ደረሰች። ቤተ ክርስቲያን የምትሄድበትን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ። የቡና ከረጢት ይዛልኝ መጣች፤ ባራኮ ይሉታል፣ የባታንጋስ ቡና። እኛ የምናውቀው ዘር አይደለም፣ ሊቤሪካ የሚባል ሌላ ዓይነት ነው፣ ፍሬው ትልቅ። (አቦል ብቻ፣ ስለ እሱ ለብቻህ እነግርሃለሁ። ብርቱ ነው። እዚህ ላይ ብጽፈው ሰው ያባርረኛል።)

ድስቱን ስከፍተው አላወራችም። ጎንበስ ብላ አየችው። «ዲላው» አለች። ከዚያ ማን ነገረሽ አለችኝ። አንቺ አልኳት። አንሶላ ስናነጥፍ የተናገረችውን ረስታው ኖሯል።

በላች። ቀስ ብላ ነው የበላችው። ከፓቲሱና ከቃሪያው ሦስት ጊዜ ጨመረች፤ የድሮ ዱባይ ባትነግሪኝ ኖሮ ልቤ ይሰበር ነበር። «የእናቴ ከዚህ ይጎመዝዛል» አለች። ቀጥላ ሩዝ ጨምሪልኝ አለች። እንደገና ጨምሪልኝ አለች። አቦል ብቻ ያለው ሁለቱም ነገር ደረሰ ማለት ነው፣ ግን መሸነፌ አልታወቀኝም።

የተረፈውን ለራሷ በአይስክሬም ዕቃ አስቋጠረች። ዕቃውን ይዛ ነበር የመጣችው! ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ልግባ አለች። ላይኛው ፎቅ ስለ ፍተሻው የተናገረው ትዝ ብሎኝ በስንት ልመና ማቀዝቀዣ ውስጥ አስተውኳት።

ከሰቨን ሲስተርስ በቪክቶሪያ መስመር ባቡር ኦክስፎርድ ሰርከስ ወረድን፣ ከዚያ በእግር። ወንበራችን ከፍ ያለው ፎቅ ላይ ነው። ቁልቁል ሲያዩት ያዞራል። መብራቱ ሲጠፋ አቴ ክንዴን ያዘች፣ እስከ እረፍቱ አልለቀቀችውም።

የገባኝ ግማሹ ነው፣ ከግማሽም ያነሰ ይሆናል። ግን ታሪኩን ስላነበብኩ አልጠፋሁም። ጳጳሱ የብር ዕቃውን የሰረቀውን ሰው «መቅረዙን ረስተኸዋል» ብሎ ሲጨምርለት ያለ እንግሊዝኛም ይገባል። አቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ቃሏን ጠብቃለች። ኤፖኒን ስትሞት ብቻ ትንሽ ወጣባት፣ አጠገባችን ያለው ሰውዬ ዞር ብሎ አይቶ መልሶ ዝም አለ። እሱም ያለቅስ ነበር።

እረፍት ላይ አልሮጥኩም፣ ሰልፉን ተሰለፍኩ፣ ይበለኝ። ስመለስ አቴ በትንሽ ጎድጓዳ የሚሸጡትን አይስክሬም ለሁለታችን ገዝታ ጠበቀችኝ። ስለ ሊያ ሳሎንጋ ጠየቅኳት። ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። ማኒላ ሰው ሊመርጡ መጡ ሲባል የአጎቷ ልጅ ሌሊት በአውቶቡስ ሄዳ ተሰልፋ ሳትመረጥ ተመለሰች። ሰፈሩ ሁሉ እንደተመረጠች ዓይነት ዶሮ አርዶ ጠበቃት። «እኔ ለንደን ስመጣ መጀመሪያ የማየው ያን ቲያትር ቤት ነው ብዬ ነበር» አለችኝ። ከመጣች 19 ዓመቷ ነው። በአውቶቡስ ስንት ጊዜ አልፋበታለች።

ስለዚህ ሲያልቅ በእግራችን ድሩሪ ሌን ሄድን። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሌላ ትርዒት ነው የሚታይበት አሁን። በሩ ላይ ቆመች። ፎቶ አነሳኋት፣ አንዴ ዓይኗን ጨፍና፣ አንዴ ስትስቅ። ሰው እየገፋን ነው የሚያልፈው። ውስጡን ለማየት ልጠይቅልሽ አልኳት። አይ፣ አዶቦዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው አለችኝ። በእውነት ቶተንሃም ድረስ ተመልሳ መጥታ፣ ዕቃዋን ወስዳ፣ ከዚያ ነው ወደ ቤቷ የሄደችው።

አሁን ሌላ ጣጣ አለብኝ። ልደቷ በሚቀጥለው ወር ነው። በር ላይ ስንሰነባበት ፓንሲት (የተጠበሰ ኑድል) አንቺ ነሽ የምትሠሪው ብላኝ ሄደች። ኑድሉ ረጅም ዕድሜ ማለት ስለሆነ መቆረጥ የለበትም አሉ። የእኔ ድስት ደግሞ ትንሽ ነው። ማሽን ክፍል፣ መርከብ ላይ ሃያ ሰው በምን ነው የሚያበስሉለት?

ማሽን ክፍል

በትልቅ ካዋሊ። ሰፊ መጥበሻ ነው፣ እንደ ቻይኖቹ ዎክ። ድስት አይሆንም፣ ይጣበቅብሻል። «ቢሆን» የሚሉት የሩዙ ኑድል ነው ወይስ «ካንቶን» የሚሉት የእንቁላሉ? አሁንም የባታንጋሱን ጠይቂ።

የድሮ ዱባይ

«ቢሆን» የሚሉትን ከሆነ በቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚነከረው፣ በሙቅ ከነከርሽው ይበጣጠሳል። ደግሞ በመቀስ እንዳትነኪው፣ በሁለት ማንኪያ ከፍ አድርገሽ ነው የምታዋህጂው። ካላማንሲ የምትባለውን ትንሽ ሎሚ ካጣሽ ላይም የሚባለውን አረንጓዴ ሎሚ ከጥቂት ብርቱካን ጋር ጭመቂበት። እና ፎቶ አምጪልን፣ የአቴን ሳይሆን የምግቡን።